መሣሪያ ሲመክር ፍርዱ የማን ነው?

ከዋሽንግተን ከተማ አጠገብ በምትገኘው በሲልቨር ስፕሪንግ ሁለት ኢትዮጵያውያት ጓደኛሞች በአንድ ቤት ይኖራሉ እንበል። አንደኛዋ የሆስፒታል ነርስ ስትሆን የሌሊት ተረኛ ስለ ሆነች ወደ ሥራዋ ሄዳለች። ሁለተኛዋ ብቻዋን በቤት ሳለች ከምሽቱ በሦስት ሰዓት ስልክ ይደወልላታል። የሚደውለው ሰው ከአዲስ አበባ ነው፤ የነርሷ እናት ማረፋቸውን ይነግራትና «አደራ፣ አነጋገሩን እወቂበት» ብሎ ይዘጋል።

እንግዲህ ይህች ሴት ምን ታድርግ? በአገራችን ልማድ መርዶ በስልክና በሌሊት፣ ሰው ብቻውን በሆነበት ቦታ አይነገርም። ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ የሚደግፍና የሚያጽናና ሰው በአጠገብ መኖሩ ተረጋግጦ ይነገራል እንጂ። ባሕር ማዶ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ይህን ልማድ ይዘውት ሄደዋል። ነገር ግን ሐዘንተኛዋ በዚያው ሌሊት ብትሰማ፣ በማግሥቱ በሚነሣው አውሮፕላን ተሳፍራ ለእናቷ ቀብር ትደርስ ይሆናል፤ እስከ ንጋት ቢቆይ ግን ምናልባት ያመልጣታል። ከዚህም በላይ፣ አንድ ዐዋቂ ሰው የገዛ እናቱን ነገር ሳይዘገይ መስማት ይገባዋል የሚል ቢኖር፣ ተሳስተሃል ሊባል አይቻልም።

ሴቲቱ ግራ ቢገባት ስልኳን አንሥታ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለውን መካሪ መሣሪያ ትጠይቃለች። መሣሪያውም በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ የተስተካከለና ትሕትና የተሞላ መልስ ያቀርብላታል። «ጓደኛሽ እውነቱን የማወቅ መብት አላት፤ ሳትዘገዪ ደውለሽ በለዘበ ቃል ንገሪያት» ይላታል እንበል። ሴቲቱም ትልቅ ሸክም የቀለለላት ያህል ይሰማታል።

ለውድ አንባቢዎቻችን የምናቀርበው ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነው። ሴቲቱ የመሣሪያውን ቃል ተቀብላ ብትደውል፣ የፈረደው ማን ነው? እርሷ ናት ወይስ መሣሪያው? ክፉውንና ደጉን ለይቶ የመፍረድን ሥራ ሰዎች ለመሣሪያ ለመስጠት ምን ያህል ፈቃደኞች እንደ ሆኑ በልዩ ልዩ አገር ያሉ ሊቃውንት ሲመረምሩት ቆይተዋል። ያገኙትም ነገር ለቤተ ሰብም ሆነ ለመሥሪያ ቤት የሚጠቅም ትምህርት ያለበት ስለ መሰለን ከዚህ ቀጥለን እናቀርባለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰዎች የሚናገሩትና የሚያደርጉት

ነገሩ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በ1966 ዓ.ም. በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም መምህር የነበሩት ጆሴፍ ዋይዘንባውም «ኤሊዛ» የተባለ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሠርተው ነበር። ኤሊዛ ሰው የጻፈላትን ቃል ገልብጣ በጥያቄ መልክ ከመመለስ በቀር ምንም የምታውቀው ነገር አልነበረም። «እናቴ አስቀየመችኝ» ቢሏት «ስለ እናትህ ጨምረህ ንገረኝ» እንደ ማለት ያለ ነው። የዋይዘንባውም ጸሐፊ ፕሮግራሙ ሲሠራ ለብዙ ወራት የተመለከተች ብትሆንም፣ ከኤሊዛ ጋር ጥቂት ቃል እንደ ተለዋወጠች ዋይዘንባውም ከክፍሉ እንዲወጡላት ለመነቻቸው። ምሥጢሯን ለብቻዋ ልትናገር ፈለገች ማለት ነው። እርሳቸውም በዚህ ነገር እጅግ ተደንቀው፣ በ1976 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ ኮምፒዩተር ሊሠራው ቢችል እንኳ ሊሰጠው የማይገባ ሥራ አለ ሲሉ ተከራከሩ።

ከዚያ ወዲህ ሰዎች በግልጽ ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስ ከዋይዘንባውም አሳብ ጋር የሚስማማ ሆኖ ይገኛል። ዮሐናን ቢግማንና ከርት ግሬይ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች በ2018 ዓ.ም. የዘጠኝ ጥናቶችን ውጤት አውጥተው ነበር። ጥናቶቹ ስለ መኪና አነዳድ፣ ስለ ፍርድ ቤት፣ ስለ ሕክምናና ስለ ጦር ሠራዊት የሚደረጉ፣ የሰው ሕይወትና መብት ያለባቸው ውሳኔዎችን የሚመለከቱ ናቸው። የተጠየቁት ሰዎች እነዚህን ውሳኔዎች መሣሪያ እንዲወስናቸው አልፈለጉም፤ ውጤቱ መልካም በሆነበት ጊዜ እንኳ አልወደዱትም። ምክንያታቸውም መሣሪያ በሙሉ አያስብም፣ ደስታና ሐዘንም አይሰማውም የሚል ነበር። ሆኖም መሣሪያው ወሳኝ መሆኑ ቀርቶ መካሪ ብቻ ይሁን ሲባል፣ ጥላቻቸው ቀነሰ። ይህን የመጨረሻውን ነጥብ አንባቢው እንዲያስታውስልን እንለምናለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

ሰዎቹ መሣሪያ እንዳይፈርድባቸው የፈለጉት ማንነቱን ዐውቀው ነው። ማንነቱ ሲሰወርስ? በ2024 ዓ.ም. በአትላንታ በሚገኘው በጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ኤያል አሃሮኒና የሥራ ባልደረቦቹ 299 አሜሪካውያንን ለጥናት ጠየቁ። ለአንድ የግብረ ገብ ጥያቄ ሁለት መልሶች፣ አንዱ በሰው፣ ሌላው በኮምፒዩተር የተጻፈ፣ ጎን ለጎን ቀረቡላቸው፤ ማን የትኛውን እንደ ጻፈው ግን አልተነገራቸውም። ሰዎቹም በአብዛኛው የኮምፒዩተሩን መልስ የበለጠ አስተዋይ፣ የበለጠ ታማኝና የበለጠ ቅን ሆኖ አገኙት።

በ2025 ዓ.ም. ደግሞ ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቅ ነገር ታተመ። ኒውዮርክ ታይምስ የተባለው ጋዜጣ የአንባቢዎችን የሥነ ምግባር ጭንቀት ተቀብሎ ምክር የሚሰጥ ቋሚ ዓምድ አለው። የዓምዱ ጸሐፊ በጋና አገር በኩማሲ ያደጉት ዕውቁ ፈላስፋ ክዋሜ አንቶኒ አፒያ ናቸው። ተመራማሪዎች ለዓምዱ የቀረቡ 50 ጥያቄዎችን ወስደው ለኮምፒዩተሩ ካቀረቡ በኋላ፣ የእርሱንና የፈላስፋውን ምክር ለሰዎች አሳዩ። አንባቢዎቹም ለኮምፒዩተሩ ምክር በጥቂቱ የበለጠ ደረጃ ሰጡት። ከተመራማሪዎቹ አንዱ፣ ሰዎች የመሣሪያን ፍርድ አይወዱም ብለው በ2018 ዓ.ም. የጻፉት ያው ከርት ግሬይ ነበሩ። ሁለቱም ጥናቶች እርስ በርሳቸው አይጣሉም። ሰው «መሣሪያ ይፍረድብህ?» ሲባል እምቢ ይላል፤ የመሣሪያው ቃል በመልካም ምክር መልክ ሲመጣለት ግን ይቀበላል።

ሳያውቁ መቀበል

ከሁሉ ይልቅ ልናስብበት የሚገባው ግን በ2023 ዓ.ም. የታተመው የሴባስቲያን ክሩገል፣ የአንድሬያስ ኦስተርማየርና የማቲያስ ኡል ጥናት ነው። እነዚህ ሦስት ተመራማሪዎች አንድ የታወቀ ጥያቄ ወሰዱ። ያልተገታ ባቡር በሐዲድ ላይ ያሉ 5 ሰዎችን ሊገድል ሲል፣ አንድ ሰው እንዲሞት አድርጎ 5ቱን ማዳን ተገቢ ነው ወይስ አይደለም? ይህንኑ ጥያቄ ቻት ጂፒቲ ለተባለው መሣሪያ ደጋግመው አቀረቡለት። መሣሪያውም አንድ ጊዜ ይገባል፣ ሌላ ጊዜ አይገባም ሲል መለሰ። ስለ አንድ ነገር ሁለት ልብ ሆነ ማለት ነው።

ቀጥለውም መልሶቹን ለየብቻ ለሰዎች አስነብበው አሳባቸውን ጠየቋቸው። የ767 ሰዎች መልስ ተመረመረ። «ይገባል» የሚለውን ያነበቡት ወደ ይገባል፣ «አይገባም» የሚለውን ያነበቡት ወደ አይገባም አዘነበሉ። መካሪው መሣሪያ መሆኑ አስቀድሞ የተነገራቸውም ሰዎች ቢሆኑ አልዳኑም። በመጨረሻ «ይህን ምክር ባታነቡ ኖሮ ምን ትሉ ነበር?» ተብለው ሲጠየቁ፣ ከመቶ 80ው ያው አሳባችን ነበር ብለው መለሱ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። መሣሪያው በአሳቡ አልጸናም፤ ሰዎቹ ግን ከየትኛውም ወገን ቢመጣላቸው ተከተሉት። የተከተሉትም መከተላቸውን ሳያውቁ ነው። አንድ ሰው «የመከረኝ እገሌ ነው» ብሎ ሲያምን ምክሩን መዝኖ ለመጣል ይችላል። «የራሴ አሳብ ነው» ብሎ የያዘውን ግን ስለ ምን ብሎ ይመዝነዋል? በእኛ አስተያየት የዚህ ዘመን ሥጋት ሰዎች የመሣሪያን ፍርድ መቀበላቸው ብቻ አይደለም፤ የተቀበሉትን ፍርድ የራሳቸው ማድረጋቸው ነው።

ቃሉ ከየት ይመጣል?

መሣሪያው እንዲህ ያማረ ቃል ከየት ያመጣል? የዚህ ዓይነት ፕሮግራም ከመጻሕፍትና ከድረ ገጾች በተሰበሰበ እጅግ ብዙ ጽሑፍ ላይ ይሠለጥናል። ከአንድ ቃል ቀጥሎ የትኛው ቃል ሊመጣ እንደሚችል ሲገምት ሲገምት ንግግርን ይለምዳል። ከዚያም በኋላ ሰዎች ከመልሶቹ የወደዱትን እየመረጡ ያርሙታል። ስለዚህ ትሕትናውና ቅልጥፍናው የሥልጠናው ፍሬ ነው፤ ጠያቂውን ደስ የማሰኘት ዝንባሌውም እንደዚሁ። የቻት ጂፒቲ ባለቤት የሆነው ኦፕን ኤአይ የተባለው ድርጅት በ2025 ዓ.ም. በአፕሪል ወር ያወጣው አንድ ማሻሻያ፣ ጠያቂውን ከልክ በላይ የሚያሞግስና በሁሉ ነገር የሚስማማ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ ድርጅቱ በጥቂት ቀኖች ውስጥ መልሶ አንሥቶታል።

ሌላም ነገር አለ። መሣሪያው ከተማረበት ጽሑፍ ውስጥ እንግሊዝኛው እጅግ ሲበዛ፣ አማርኛው ጥቂት ነው። ስለ መርዶ ሥርዓት በስም ጠቅሰው ቢጠይቁት ያነበበውን ሊናገር ይችላል። ሳይጠየቅ ግን ሚዛኑ ብዙ ወደ ተጻፈበት ወገን እንደሚያዘነብል መጠርጠር ብልኅነት ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም «የማወቅ መብት» ሲል ብዙ ጽፏል፤ የእኛ እናቶች ግን ጎሕ እስኪቀድ ስለ መጠበቅ ያላቸውን ጥበብ በሥራ አሳዩት እንጂ ብዙውን አልጻፉትም። ያልተጻፈ ጥበብ በመሣሪያው ሚዛን ላይ ክብደት የለውም።

ነገሩ ወደ መሥሪያ ቤት ሲገባ

በቤት ውስጥ ያየነው ነገር በመሥሪያ ቤት ሲደርስ ጉዳቱ የብዙ ሰው ይሆናል። ለዚህም የኔዘርላንድስን ነገር ማንሣት ይበቃል። በዚያ አገር መንግሥት፣ ወላጆች ሥራ ሲውሉ ልጆቻቸውን ለሚያስጠብቁበት ወጪ ድጎማ ይሰጣል። የግብሩ መሥሪያ ቤት ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ለድጎማው ከሚያመለክቱት መካከል አጠራጣሪውን የሚለይ የኮምፒዩተር ሥርዓት ያዘ። የኔዘርላንድስ ዜጋ አለመሆን ጥርጣሬውን ከሚያከብዱት ምልክቶች አንዱ ሆኖ ተቈጠረ። ማመልከቻው ሠራተኛው ዘንድ ሲደርስ አጠራጣሪ መባሉ ይታወቃል፤ በምን ምክንያት እንደ ተባለ ግን ለሠራተኛው አይገለጽለትም ነበር።

ያ ቃል ምን ማለት እንደ ነበረ እናስተውል። ኮምፒዩተሩ አልሰደበም፣ አልከሰሰምም፤ አንድ ቍጥር ብቻ ሰጠ። ነገር ግን ቍጥሩ «ይህ ሰው ታማኝ አይደለም» የሚል የግብረ ገብ ፍርድ ሆኖ ተነበበ። ጥፋቱ የኮምፒዩተር ብቻ አልነበረም፤ ሕጉም ጨካኝ ነበር፣ በአንዲት ፊርማ ጉድለት ሙሉውን ገንዘብ መልሱ ያሰኝ ነበርና። በዚህ ዓይነት በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ወላጆች ያለ ጥፋታቸው አጭበርባሪ ተብለው ሊከፍሉት የማይችሉት ዕዳ ተጫነባቸው። ጋብቻ ፈረሰ፣ ቤት ተሸጠ፤ ከተጎዱት ቤተ ሰቦች ከ1,000 በላይ ልጆች ከወላጆቻቸው ተለይተው በሌላ ዘንድ እንዲያድጉ ተደረገ። ነገሩ በፓርላማ ተመርምሮ በይፋ ከተገለጠ በኋላ፣ በጠቅላይ ሚኒስትር ማርክ ሩተ የሚመራው መንግሥት በጃንዋሪ 15 ቀን 2021 ዓ.ም. ሥልጣኑን ለቀቀ።

ለሕዝብ የሚያገለግል ሰው ከዚህ የሚማረው ነገር ግልጽ ነው። ቢግማንና ግሬይ በጥናታቸው እንዳዩት ሰዎች መሣሪያ መካሪ ብቻ ሲሆን አይፈሩትም፤ ይኸኛውን ነጥብ እንመለስበታለን ብለን ነበር። በኔዘርላንድስም በስሙ መካሪ ነበር፤ ማመልከቻውን የሚመረምረው ሰው ነበርና። ነገር ግን ምክንያቱን ሳይጠይቁ የሚፈጽሙለት መካሪ፣ ስሙ መካሪ ይባል እንጂ በእርግጥ ዳኛ ሆኗል።

ምክርን ስለ መቀበል

በዚህ ሁሉ ግን መሣሪያውን አትጠይቁ ማለታችን አይደለም። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የሚለው አባባል ለአሳብም ይሠራል። በሌሊት የሚያማክረው ሰው ያጣ፣ ወይም ገመናውን ለጎረቤት መግለጥ የሚያፍር ሰው፣ ያላሰበውን አንድ ወገን የሚያሳየው መካሪ ማግኘቱ ትንሽ ነገር አይደለም። ሰውም ቢሆን ፍጹም መካሪ አይደለም፤ ሽማግሌ ያዳላል፣ ወዳጅ ይቀናል፣ ዘመድም ለራሱ ጥቅም ያስባል። የምንለው፣ ምክር ምክርነቱን ጠብቆ ይኑር ነው።

ለዚህም የሚረዱ ሦስት ቀላል ልማዶች አሉ። አንደኛው፣ መሣሪያውን ከመጠየቅ በፊት የራስን ፍርድ ከነምክንያቱ በአንድ መስመር መጻፍ ነው። ከዚያ በኋላ አሳባችን ቢለወጥ መለወጡን እናውቃለን፤ ከመቶ 80ዎቹ ጋርም አንቈጠርም። ሁለተኛው፣ መልሱ እንደ መጣ ተቃራኒውን ወገን ይዞ እንዲከራከር መሣሪያውን ማዘዝ ነው። በሁለቱም በኩል እኩል አንደበተ ርቱዕ ሆኖ ካገኘነው፣ የንግግር ማማር የእውነት ማስረጃ አለመሆኑን በዐይናችን እናያለን። ሦስተኛው፣ ጉዳዩ የሚነካቸውን ሰዎች በፊታቸውና በስማቸው የሚያውቅ አንድ ሰው መጠየቅ ነው።

ደብዳቤ ለሚፈርም ባለሥልጣን ደግሞ አንድ መፈተኛ እንጨምርለታለን። ባለጉዳዩ በፊትህ ቆሞ «ስለ ምን እንዲህ ፈረድህብኝ?» ቢልህ፣ የመሣሪያውን ስም ሳትጠራ ልትመልስለት ትችላለህን? የምትችል ከሆነ ፈርም። የማትችል ከሆነ ግን ፍርዱ ገና የአንተ አልሆነም።

ወደዚያች ሌሊት እንመለስ

አሁን ወደ ሲልቨር ስፕሪንግዋ ሴት እንመለስ። የመሣሪያውን መልስ ካነበበች በኋላ ስልኩን ለጊዜው አስቀምጣ፣ ከዕድራቸው እናቶች ለአንዲቱ ትደውላለች እንበል። እኒያ እናት ስለ መብትም ስለ ልማድም አይናገሩም። «ልጄ፣ አሁን እሥራዋ ላይ ማን አብሯት አለ?» ብለው ብቻ ይጠይቃሉ። መልሱ «ማንም የለም፣ እስከ ንጋት ድረስ በሽተኞች በእጇ ናቸው» የሚል ነው። ያን ጊዜ ሁለቱ ተመካክረው አንድ ነገር ይወስናሉ። ለማግሥቱ በረራ ቦታ ይያዛል፤ ለአዲስ አበባ ዘመዶች ቀብሩን እንዲያዘገዩላት መልእክት ይላካል፤ ሻንጣዋ ይዘጋጃል፤ ስድስት ሰባት ወዳጆች ከንጋቱ በፊት በቤቱ ይሰበሰባሉ፤ ልጅቱም ከሥራዋ ስትመለስ በሰው መካከል ሆና ትሰማለች።

ይህ ውሳኔ ከመሣሪያው ምክር የግድ ይሻላል አንልም። አውሮፕላኑ ሊያመልጣት ይችላል፤ ሐዘንተኛዋም አንድ ቀን «ሌሊቱን ሙሉ ስለ ምን ደበቅሽኝ?» ብላ ልትቈጣ ትችላለች። ነገር ግን ያ ቀን ሲመጣ ጓደኛዋ በፊቷ ተቀምጣ «እኔ ነኝ የወሰንሁት፤ ብቻሽን እንዳትሰሚው ብዬ ነው፤ በድዬሽ እንደ ሆነ ይቅር በይኝ» ለማለት ትችላለች። መሣሪያው መልካም ቃል ሊያዋጣ ይችላል፤ ከዓመት በኋላ ተጠይቆ ግን በዚያች ሴት ፊት አይቀመጥም፣ አያፍርም፣ ይቅርታም ተቀብሎ አያለቅስም። ፍርድ የሚጠየቅበት ሰው ነው፤ ስለዚህ ምክሩን ከየትም ብንሰማው፣ ፍርዱን ግን በእጃችን እናቈየው።